ስለ አሜሪካ እግር ኳስና ስለ ተሰላፊዎቹ ስፍራ

ባለፈው ነሐሴ ወር፥ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ደፍራሽ ውሃው ከዳር እስከ ዳር በሚጋልብበት ሰሞን፥ በጋምቤላ ከተማ የሚኖሩ አንድ የተከበሩ የአኝዋክ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ቤታችን መጡ። ቡና ቀርቦ የመጀመሪያው ስኒ ከተጠጣ በኋላ የልጅ ልጃቸው ስልኩን አውጥቶ በእጃችን ሰጠን፤ በስልኩም ላይ ከአሜሪካ አገር ከሚኒሶታ ግዛት የተላከ፥ በእንግሊዝ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ነበረ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት በቈየንበት ዘመን የሽያጭ ውል፥ የውርስ አቤቱታ፥ የዋስትና ቃል፥ ይህንም የመሰለ ሁሉ በእጃችን አልፏል። ይህኛው ግን አዲስ ነገር ሆነብን። 15 ዓመት የሆነው አንድ ልጅ ከተማሪ ቤቱ ጭፍራ ጋር ተሰልፎ የአሜሪካን እግር ኳስ ይጫወት ዘንድ የወላጅ ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት ነው። የልጁ እናት ሽማግሌው በቤታቸው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ ናት፤ «አጎቴ ካልፈቀዱ እኔ አልፈርምም» ብላ ነው የላከችው።

ከወረቀቱም ጋር የልጁን ልምምድ የሚያሳይ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ተልኮ ነበር። ሽማግሌው ደጋግመው አይተውታል። «ልጄ ሆይ» አሉን፥ «ይህን ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ ኳስ ሲነካ አላየሁትም። ያጎነብሳል፥ ይነሣል፥ ከሰው ጋር ይገፋፋል፥ ፊሽካ ይነፋል፤ እንደ ገና ያጎነብሳል። ከሰው በታች አድርገውት ነውን? ደግሞስ በዚህ ጨዋታ ራስ ይጎዳል የሚሉት እውነት ነውን?»

እኛም ስለዚህ ጨዋታ የምናውቀው ጥቂት ነበር። በሚስዮን ተማሪ ቤት ሳለን አንድ አሜሪካዊ መምህር ሁለት ጫፉ የሾለ፥ ማንጎ የሚመስል ሞላላ ኳስ ሲወረውር አይተናል፤ ከዚያ የሚያልፍ ዕውቀት አልነበረንም። ስለዚህ የሦስት ቀን ቀጠሮ ጠየቅናቸው፤ ለሰው ቀጠሮ መጻፍ እንጂ ለራሳችን ቀጠሮ መለመን ልማዳችን አልነበረም። በነዚያ በሦስቱ ቀኖች ያነበብነውንና ያየነውን ለአንባቢዎቻችን ደግሞ ማቅረብ ይገባናል ብለን አሰብን፤ ከጋምቤላ የሄዱ ብዙ አኝዋኮች በሚኒሶታ፥ ብዙ ኑዌሮችም በነብራስካ ግዛት በኦማሃ ከተማ የሚኖሩ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ለእኚህ ሽማግሌ የመጣው ወረቀት ነገ ወደ ሌላው ቤት መምጣቱ አይቀርም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታው እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ በእግር የሚመታው በጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የሚበዛው በእጅ መያዝ፥ መሮጥና መወርወር ነው። ከየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ሜዳው 100 ያርድ፥ ይኸውም 91 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፥ በየጫፉ ደግሞ 10 ያርድ ይጨመራል። ኳሱን የያዘው ወገን 10 ያርድ ወደ ፊት ለመሄድ አራት ጊዜ እንዲሞክር ይፈቀድለታል፤ በአራቱ ሙከራ ከሄደ አዲስ አራት ይሰጠዋል፥ ካልሄደ ኳሱ ለተቃራኒው ይተላለፋል። እያንዳንዱ ሙከራ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ቈይቶ ይቆማል። ስለዚህ ጨዋታው ያለ ማቋረጥ እንደሚፈስሰው እንደኛ ኳስ አይደለም፤ እንደ ችሎት ነው፤ ይከፈታል፥ ይዘጋል፥ እንደ ገና ይከፈታል። ኳሱን ይዞ የባላጋራውን መጨረሻ መሥመር ያለፈ 6 ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያም በኋላ በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ቢያሳልፍ 1 ነጥብ፥ ወይም እንደ ገና ይዞ ቢገባ 2 ነጥብ ይጨመርለታል። ሳይገባ ከሩቅ በእግር መትቶ ቢያሳልፍ 3 ነጥብ ነው። ስለ ነጥቡ ይህ ይበቃል።

ተጫዋቹ ሁሉ የታወቀ ስፍራ እንዲኖረው የተደረገው ቀስ በቀስ ነው። ራትገርስና ፕሪንስተን የተባሉ ኮሌጆች በ1869 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሲጋጠሙ ከየወገኑ 25 ሰዎች ነበሩ፤ ጨዋታውም ከእንግሊዞች ኳስ ብዙም አይለይም ነበር። በ1880 ግን የዬል ኮሌጅ ሰው ዋልተር ካምፕ የተሰላፊው ቍጥር 11 እንዲሆን፥ ሁለቱም ወገኖች በአንድ መሥመር ግራና ቀኝ ተፋጠው እንዲቆሙ፥ ኳሱም ያለ ግፊያ ለአንደኛው ወገን እንዲሰጥ አስወሰነ። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሩጫ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጦር ሰልፍ መሰለ።

የጦር ሰልፍ ካልን ዘንድ ለአንባቢዎቻችን ነገሩን በአገራችን ማዕርግ ማስረዳት ይቀላል። በቀድሞው ሥርዓት ፊታውራሪው ከፊት፥ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፥ ግራ አዝማቹ በግራ፥ ደጀኑ ከኋላ ሆኖ እንደሚሰለፍ የታወቀ ነው። በአሜሪካው ጨዋታም አጥቂው ወገን ከ11ዱ ሰዎች ሰባቱን በፊተኛው መሥመር፥ አራቱን ከኋላ ያቆማል። በመሥመሩ መካከል የሚቆመው ሴንተር ይባላል፤ እርሱ ፊታውራሪው ነው። ኳሱን ከመሬት አንሥቶ በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ የሚሰጥ እርሱ ስለ ሆነ፥ እርሱ ሳይንቀሳቀስ ጨዋታው አይጀመርም። በግራና በቀኙ የሚቆሙት ሁለቱ ጋርድ ይባላሉ፤ እንደ ጋሻ ጃግሬ ናቸው። ከጋርዶቹ ቀጥለው በግራና በቀኝ የሚቆሙት ደግሞ ታክል ይባላሉ፤ ቀኝ አዝማቹና ግራ አዝማቹ እነርሱ ናቸው።

የሽማግሌውን ጥያቄ የፈታልን እዚህ ላይ የተጻፈው ሕግ ነው። እነዚህ አምስቱ ሰዎች ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ እንዳይቀበሉ ሕጉ ይከለክላቸዋል። ዳኛውም እንዲለያቸው ከ50 እስከ 79 ያለውን ቍጥር በልብሳቸው ላይ እንዲያደርጉ ታዟል። በተላከው ሥዕል የልጁን ደረት ተመለከትን፤ 72 ይላል። እንግዲህ ኳስ ያልሰጡት ስለናቁት አይደለም፤ የቆመበት ስፍራ ኳስ የማይቀበል ስፍራ ስለ ሆነ ነው። ሥራው ባላጋራው አልፎ እንዳይገባ በእጁና በትከሻው መግታት፥ ለሚሮጠውም መንገድ መክፈት ነው።

ልጁ የተሰለፈው በግራ ታክል ስፍራ ነው። ስለዚህ ስፍራ ጥቂት እናብራራ። ከመሥመሩ ኋላ ቆሞ ኳሱን ከሴንተሩ የሚቀበለው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። የጭፍራው አለቃ እርሱ ነው፤ ለሯጭ ይስጥ፥ ለሩቅ ሰው ይወርውር፥ ወይም ራሱ ይሩጥ በሦስትና በአራት ሰከንድ ውስጥ ይቈርጣል። ከባለሙያዎቹ ማኅበር ዘንድ ከ1994 ወዲህ አሠልጣኙ በራስ ቍሩ ውስጥ ባለ ራዲዮ እንዲናገረው ተፈቅዷል፤ ዳሩ ግን ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ራዲዮው ይዘጋል፥ ከዚያ በኋላ ሰውየው ከራሱ ጋር ብቻ ነው። እንግዲህ ኳርተርባኩ እንደ አብዛኛው ሰው ቀኝ እጁ ከሆነ፥ ለመወርወር ሲሰናዳ ግራ ትከሻው ወደ ፊት ይዞራል፥ ጀርባውም ወደ ግራ ወገን ይሆናል። ከግራ የሚመጣበትን ሰው አያየውም። በዚያ በማያየው ወገን ያለው ጠባቂ ግራ ታክል ነው።

ይህ ስፍራ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚደርስ አሜሪካውያን ኅዳር 18 ቀን 1985 በቴሌቪዥን አይተዋል። የዋሽንግተን ጭፍራ ኳርተርባክ ጆ ታይዝማን፥ የኒው ዮርክ ጃያንትስ ተከላካይ ሎረንስ ቴይለር ሲወድቅበት እግሩ ተሰበረ፤ ከዚያ ምሽት በኋላም በጨዋታ ሜዳ ተሰልፎ አያውቅም። ከጥቂት ዓመት በኋላ፥ በ1993፥ ተጫዋቾች ውላቸው ሲያልቅ ወደ ወደዱት ክለብ እንዲሄዱ ነጻነት ሲያገኙ፥ ክለቦቹ ለግራ ታክል የሚከፍሉት ገንዘብ እጅግ ከፍ አለ። ኳስ የማይነካው ሰው ኳስ ተሸክመው ከሚሮጡት ከብዙዎቹ የበለጠ ደመወዝ የሚያገኝ ሆነ። አሠልጣኞችም ለዚህ ስፍራ የሚመርጡት ረጅም ቁመትና ረጅም ክንድ ያለውን፥ ደግሞም እግሩ ቀልጣፋ የሆነውን ነው። የጋምቤላን ልጅ አይተው በዚህ ስፍራ ማቆማቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ከአጥቂዎቹ የቀሩትን በአጭሩ እንናገር። ራኒንግ ባክ የሚባለው ከኳርተርባኩ ኳስ ተቀብሎ በመሥመሩ ቀዳዳ የሚሮጥ ነው። ዋይድ ሪሲቨር የሚባሉት ከሰልፉ ርቀው በሜዳው ዳርና ዳር የሚቆሙ፥ ሮጠው የተወረወረውን የሚቀልቡ ናቸው፤ ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ከሁሉ ይልቅ ለእነርሱ ነው። ታይት ኤንድ የሚባለው ሁለት ሥራ የደረበ ነው፤ ከታክሉ አጠገብ ቆሞ አንድ ጊዜ እንደ መሥመረኞቹ ይገፋል፥ አንድ ጊዜ ወጥቶ ይቀልባል። ኳስን ወደ ፊት መወርወር በመጀመሪያ የተፈቀደ ነገር አልነበረም። በ1905 ብዙ ወጣቶች በዚህ ጨዋታ ስለ ሞቱ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የታላላቆቹን ኮሌጆች ሰዎች ወደ ቤተ መንግሥታቸው ጠርተው ነገሩን መከሩ፤ በተከታዩ ዓመት ሕጉ ሲታደስ ከተፈቀዱት ነገሮች አንዱ ወደ ፊት መወርወር ሆነ። ሰዎቹ በአንድ ቦታ ተከማችተው ከመጨፋለቅ በሜዳው ላይ እንዲበተኑ ማለት ነው። ቀላቢዎቹ ይህን ያህል ክብር ያገኙት ከዚያ ወዲህ ነው።

ለተከላካዩ ወገን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የአጥቂውን ሰልፍ ሕግ ሲያስረው፥ ተከላካዩ ሰባት ሰው በመሥመር ላይ አቁም የሚለው ሕግ የለም፤ ስፍራው የተወሰነው በልማድ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ከባድ ሰዎች በፊት ይቆማሉ፤ ልጃችን በየሙከራው የሚጋፈጠው ከእነዚህ በጫፍ ካለው ጋር ነው። ከእነርሱ ኋላ ላይንባከር የሚባሉት ይቆማሉ፤ ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል አይተው ወደ ፊትም ወደ ጎንም የሚሄዱ ናቸው። ከላይ የጠቀስነው ሎረንስ ቴይለር ከነዚህ አንዱ ነበር። በዳርቻው ቀላቢዎቹን እግር በእግር የሚከተሉት ኮርነርባክ፥ ከሁሉ ኋላ የሚቆሙት ሁለቱ ሴፍቲ ይባላሉ። ሴፍቲ ማለት በቀጥታ ደጀን ነው፤ እርሱን ያለፈ ሰው የሚያግደው የለም።

በመጨረሻ የረጋጮቹ ስፍራ አለ። እነዚህ ለአንድ ምት ገብተው የሚወጡ ናቸው። ቀድሞ ሁሉም በጫማ ጫፍ ይመቱ ነበር፤ በ1964 ግን ከሃንጋሪ አገር በስደት የመጣው ፒት ጎጎላክ ለቡፋሎ ክለብ ተሰልፎ፥ እኛ እንደምናውቀው እንደ ክቡ ኳስ ልማድ፥ ከጎን እየሮጠ በእግሩ ውስጠኛ ወገን መምታትን ወደ ባለሙያዎቹ ጨዋታ አገባ። ዛሬ ሁሉም የሚመቱት እንደ እርሱ ነው። ይህን ያነሣንበት ምክንያት አለን። ጋምቤላ ኳስ መምታት የማያውቅ አገር አይደለም፤ በአጥቂነት ኡመድ ኡክሪ፥ በመካከል ተሰላፊነት ጋቶች ፓኖም ከዚህ ወጥተው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ተጫውተዋል፤ ጋቶችም በ2017 እስከ ሩስያ ድረስ ሄዶ ለአንዢ ክለብ ፈርሞ ነበር። ከዚህ አገር በጉልምስና የሚሄድ ልጅ የአሜሪካውን ጨዋታ ሊጀምር ቢወድ፥ ግጭት የሚያንስበትና እግሩ የሚያውቀው ስፍራ ይህ ነው ብለን እንገምታለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ እርሱን ማሳነስ አንወድም። የፒትስበርግ ስቲለርስ ሴንተር የነበረው ማይክ ዌብስተር አራት ጊዜ የአገሩን ታላቅ ዋንጫ ከጓደኞቹ ጋር ያነሣ ሰው ነበር። በ2002 በ50 ዓመቱ ሲሞት አእምሮው ታውኮ፥ ኑሮውም ተበላሽቶ ነበር። ሬሳውን የመረመረው ቤኔት ኦማሉ የተባለ በናይጄርያ የተወለደ ሐኪም ነው፤ በአንጎሉም ውስጥ ከተደጋጋሚ ምት የሚመጣ ጉዳት አገኘና በ2005 ጽፎ አሳተመ። በ2017 ደግሞ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከሞቱ በኋላ አንጎላቸው ለምርመራ ከተሰጠ 111 የባለሙያ ማኅበር ተጫዋቾች መካከል በ110ሩ ይህንኑ ጉዳት አገኙ። በርግጥ አንጎላቸውን የሰጡት ቤተ ሰቦች አብዛኛውን ሕመሙን አስቀድመው የጠረጠሩት ስለ ሆኑ፥ ይህ ቍጥር ለተጫዋቹ ሁሉ የሚሆን ሚዛን አይደለም። ነገር ግን የሚጎዳው ሰውን የሚያስደነግጠው አንዱ ታላቅ ምት ብቻ አለመሆኑን፥ ትንንሹ ምት በዓመታት መደጋገሙም እንደሚጎዳ ሐኪሞቹ ይናገራሉ። ትንንሹን ምት በየሙከራው የሚቀበሉት ደግሞ በመሥመሩ ላይ የሚቆሙት ናቸው። ዌብስተር ሴንተር እንደ ነበረ ልብ ይሏል።

ሕግ አውጪዎቹ ዝም አላሉም። በ1909 ሳይሆን ገና በ2009 የዋሽንግተን ግዛት፥ ራሱን የተመታ ወጣት ወዲያው ከሜዳ እንዲወጣ፥ ሐኪም ሳይፈቅድለትም እንዳይመለስ አዘዘ፤ ሚኒሶታ በ2011 ይህን መሰል ሕግ አወጣች፥ እስከ 2014 ድረስም ግዛቶቹ ሁሉ እንዲሁ አደረጉ። ይህን ያህል መዘግየቱ ያሳዝነናል።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌው መጡ። ሜዳውን በወረቀት ሥለን፥ ለተሰላፊዎቹ የበቆሎ ፍሬ ደርድረን አስረዳናቸው። ግራ ታክሉን በጣታችን አመልክተን «ይህ ግራ አዝማች ነው» ባልናቸው ጊዜ ፊታቸው በራ። «ግራ አዝማች!» አሉ፥ ለልጅ ልጃቸውም ደጋግመው በቋንቋቸው ነገሩት። ስለ ዌብስተር ስንነግራቸው ግን ከበቆሎው መካከል ያለችውን ፍሬ አንሥተው በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ደግሞም በባለሙያዎቹ ዘንድ የመሥመር ሰዎች አብዛኞቹ ከ136 ኪሎ በላይ እንደሚመዝኑ ሲሰሙ «የእኛን ልጅ እንደ ሰንጋ ሊያደልቡት ነውን?» አሉን። ማደለቡ በተማሪ ቤት እንዲህ የጠነከረ አይደለም አልናቸው፤ ይህን ስንል ግን ራሳችንም አልተጽናናንም።

ከዚያም ሌላ ዓይነት ጨዋታ መኖሩን ነገርናቸው። በወገብ ላይ ጨርቅ ታስሮ፥ ያን ጨርቅ የነጠቀ እንደ ጣለ የሚቈጠርበት፥ መገፋፋትና መጣል የሌለበት፥ ከየወገኑ አምስት ሰው ብቻ የሚሰለፍበት ነው። የኦሊምፒክ ማኅበርም በ2023 ጥቅምት ወር ይህ ጨዋታ በ2028 በሎስ አንጀለስ ከተማ በሚደረገው ኦሊምፒክ እንዲገባ ወስኗል። በዚያ ጨዋታ ሴንተሩ እንኳ ኳስ ሊቀልብ ይችላል።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱልንም። ስልኩ እንዲደወል አዘዙ። በሚኒሶታ ገና ማለዳ ነበር። ልጁ ራሱ ቀረበ፤ አኝዋክኛው በእንግሊዝኛ የተቀላቀለ ስለ ነበረ የልጅ ልጃቸው አስተረጐመ። «የምትጠብቀው ልጅ ሲወድቅ ማንን ይወቅሳሉ?» ብለው ጠየቁት። «እኔን» አለ። «ሳይወድቅ ሲቀርስ ማንን ያመሰግናሉ?» አሉት። ልጁ ሳቀ፤ «እርሱን» አለ።

ከዚህ በኋላ ለእናቲቱ የሚላከውን ቃል አስጻፉን። ይህን አንድ ዓመት ይጫወት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ያንን የጨርቁን ጨዋታ አይቶ ይምረጥ፥ ነገሩም እንደ ገና ይታይ። አሠልጣኙ ልጁ ራሱን ቀና አድርጎ በእጁ እንዲገታ፥ በራሱ እንዳይገጭ ማስተማሩን እናቱ ሜዳ ድረስ ሄዳ በዓይኗ ትይ። ራሱን አንድ ጊዜ ከተመታ፥ ደኅና ነኝ ቢል እንኳ፥ በዚያው ቀን ለአጎቷ ይነገር። ሁለተኛ ጊዜ ከተመታ ፈቃዱ ያለ ሌላ ቃል ይሰረዝ። ስለ ክብደት ማንም ቢያስገድደው፥ ስለ ትምህርቱም ማንም ቢያዘናጋው እንዲሁ ይሁን። እኛም እንደ ውል በቍጥር ለይተን ጻፍነው፤ አምስት ቍጥር ሆነ።

ሊነሡ ሲሉ በትራቸውን ይዘው ቆም አሉና፥ «ልጄ፥ እውነቱን ንገረኝ» አሉን፥ «ይህ ልጅ ያን ኳስ የሚይዝበት አንድ ቀን እንኳ የለምን?» አንድ አለ አልናቸው። ኳሱን የያዘው ሰው ከእጁ ቢያመልጠውና መሬት ላይ ቢወድቅ፥ ያን ጊዜ የመሥመር ሰውም ቢሆን ሊያነሣው፥ ይዞትም ሊሮጥ ሕጉ ይፈቅድለታል።

«እንግዲያው ይህን ስድስተኛ አድርገህ ጻፈው» አሉ፥ «ከወደቀ ያንሣው።» ጻፍነው።